ልጄ አናቶሚ ልትጀምር ነው፤ በአስከሬን መማር ግን ምን ይጠቅማል?

የኮፒ ቤቷ · ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2:10

ሰላም ለሁላችሁ። አራት ኪሎ አካባቢ ትንሽ ፎቶ ኮፒ ቤት አለችኝ። የሕክምና ተማሪዎች ሃንድአውት ይዘው ይመጣሉ። እኔም ሳባዛ የሰው አንጀትና የአንገት ደም ሥር እያየሁ ነው የምውለው። ሥዕል ስለሆነ ምንም አይመስለኝም ነበር። ዘንድሮ ግን የራሴ ልጅ ሕክምና ደረሳትና ነገሩ ሌላ ሆነ። በቅርቡ አናቶሚ ላብ ትገባለች። ኬዳቨር በሚሉት፣ እንዳይበሰብስ ፎርማሊን በሚባል ኬሚካል በተቀመጠ አስከሬን ላይ ነው የሚማሩት።

ልጅቷ አልፈራችም። የፈራነው እኛ ነን። እናቴ "ሙት እንዴት ይነካካል?" ብላ አኩርፋለች። ባለቤቴ ደግሞ "ዛሬ ኮምፒውተር ሁሉን ያሳያል፣ ለምን ሰው ይቀደዳል?" ባይ ነው። እኔ መሐል ቤት ቀርቻለሁ።

ይሄ ዲሴክሽን የሚሉት በትክክል ምንድን ነው? ከአስከሬን ምርመራ ጋር አንድ ነው? በእርግጥ ይጠቅማል ወይስ ድሮ ስለተለመደ ብቻ ነው የቀጠለው? የምታውቁ አስረዱኝ። የማታውቁም መቼም ከመጻፍ አትመለሱም።

ሲ ዋን ተማሪ · ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2:41

እናቴ፣ በመጀመሪያ እንኳን ደስ አለዎት።

አንድ አይደሉም። የአስከሬን ምርመራ ጥያቄው "ይሄ ሰው በምን ሞተ?" ነው። ብዙ ጊዜ ፖሊስ ሲያዝ ይሠራል፣ ቶሎ ያልቃል፣ አስከሬኑም ለቤተሰብ ይመለሳል። ሰፈር ውስጥ "ለምርመራ ምኒልክ ተወሰደ" ሲባል የሚሰሙት እሱ ነው። የዲሴክሽን ጥያቄ ግን ሰው እንዴት ተሠራ የሚለው ነው። ምን ከምን ሥር አለ? ምን በምን በኩል ያልፋል? በአንድ አስከሬን ላይ ወራት እንሠራለን። ክንድ ብቻውን ሳምንታት ይፈጃል።

ሰው የማያውቀው ደግሞ አብዛኛው ሥራ መቁረጥ አለመሆኑን ነው። ስካልፔል፣ ማለትም የቀዶ ጥገናው ቢላ፣ ዋና ሥራው ቆዳውን መክፈት ነው። ከዚያ በኋላ ጣትና ፎርሴፕስ (መቆንጠጫ) ይበቃል። መቀሱን እንኳ ዘግተን እናስገባና ውስጥ ከፍተን እናወጣዋለን፤ ሥጋው በተፈጥሮ መስመሩ እንዲላቀቅ። ትልቁ ልፋት ስብ ማንሳት ነው። ከሰዓቱን ሙሉ ስብ ስትለቅም ትውልና መጨረሻ ላይ አንዲት ቀጭን ነርቭ ብቅ ትላለች። እሷን ሳትበጥስ ካወጣህ የቡድንህ ንጉሥ ነህ።

እርስዎ የሚያባዙት ሥዕል ላይ ደም ቅዳ ቀይ ነው፣ ደም መልስ ሰማያዊ ነው፣ ነርቭ ቢጫ ነው። ጠረጴዛው ላይ ግን ፎርማሊን ሁሉንም ግራጫና ቡናማ አድርጎታል። ስለዚህ በጣት መለየት ይለመዳል። ደም ቅዳ ግድግዳው ወፍራም ነው፤ ተጭነው ሲለቁት ይመለሳል። ደም መልስ ልፍስፍስ ነው፣ እንደተጫኑት ይቀራል። ነርቭ ድፍን ነው፤ በሁለት ጣት መሐል ሲያንከባልሉት ወዲያው ይታወቃል። ይሄን ከየትኛውም ሃንድአውት አላገኘሁትም።

ቅንጭብ · ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2:55

ቁርሷን ሳትበላ እንዳትሄድ ብቻ። የሰው ፍርሃት ሳያንስ በባዶ ሆድ ፎርማሊን ማሽተት በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ነው።

ሲ ዋን ተማሪ · ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3:02

እሱ ልክ ነው። የመጀመሪያ ቀን ወድቀው የሚወጡት አብዛኞቹ ባዶ ሆዳቸውን የመጡት ናቸው። ፀጉሯን ትሰር፣ ኮንታክት ሌንስ ካላት መነጽር ታድርግ፤ ዓይን ክፉኛ ያቃጥላል። ጋዋኗን ከቤቱ ልብስ ጋር እንዳታጥቡት።

ዲጂታሉ · ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3:30

እኔ ከባልሽ ጋር ነኝ እህቴ። ሰው የሚያህል ንክኪ ስክሪን ያለው ጠረጴዛ አለ። ቆዳውን በጣትህ ታነሳለህ፣ ጡንቻውን ታነሳለህ፣ ከተሳሳትክ ትመልሰዋለህ። ሽታ የለ፣ ጓንት የለ። እውነተኛ አካል ካልሆነ አንማርም ካላችሁ ደግሞ ፕላስቲኔሽን አለ። ጉንተር ፎን ሃገንስ የሚባል ጀርመናዊ ነው እ.ኤ.አ. በ1977 የጀመረው። ከአካሉ ውስጥ ውሃና ስቡን አውጥቶ በምትኩ ፕላስቲክ ያስገባል። ደረቅ ነው፣ አይሸትም፣ ለዓመታት በእጅ ይያዛል።

ፎርማሊን ደግሞ ቀልድ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም ፎርማሊን የሚሠራበትን ኬሚካል፣ ፎርማልዴሃይድን፣ ሰው ላይ ካንሰር ከሚያመጡት ተርታ የመደበው እ.ኤ.አ. በ2004 ነው። ጥሩ የአየር ማስወጫ በሌለው ክፍል ውስጥ ልጆቻችንን ለምን እናቃጥላለን? ልማድ ነው፣ ሌላ ምክንያት የለውም።

ጡረተኛው ቀዶ ሐኪም · ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 1:20

ቅንጭብ ሳያስበው እንቅርትን ስላነሳ ከእሱ ልጀምር።

ደገኛ አገር ነን። አዮዲን ያነሰው ጨው ስንበላ ኖረን እንቅርት በየቤቱ ነበር። ስለዚህ እንቅርት ማውጣት ለእኛ የዘወትር ሥራ ነው። ከእጢው ጀርባ፣ በአየር ቧንቧውና በምግብ ቧንቧው መሐል ባለችው ሸለቆ ውስጥ፣ ድምፅ የሚያወጡልንን ጡንቻዎች የምታዝ ቀጭን ነርቭ አለች። ብትጎዳ ሰውየው ከማደንዘዣው ሲነቃ ድምፁ ሻክሯል። በሁለቱም ወገን ብትጎዳ መተንፈስ ይቸገራል።

መንገዷ ደግሞ ግራ የሚያጋባ ነው። ከአንጎል ወደ ማንቁርት ቀጥታ መምጣት ስትችል አንገትን አልፋ ደረት ትወርዳለች። የግራዋ ከልብ በሚወጣው ትልቁ ደም ቅዳ፣ በአዎርታ ሥር፣ የቀኟ ከአንገት በታች ባለ ሌላ ትልቅ ደም ቅዳ ሥር ዞራ ወደ ላይ ትመለሳለች። ቀጭኔ ላይ ይሄ ዙር ከአራት ሜትር ያልፋል። የጥንቱ ሐኪም ጋለን ያገኛት አሳማ ላይ ነው። አሳማው እየጮኸ ነርቯን ሲቆርጣት መንፈራገጡ ቀጠለ፣ ጩኸቱ ግን ጠፋ። ጭካኔ ነው፣ እውቀቱ ግን እስከዛሬ የሰው ድምፅ ያተርፋል።

ዲጂታሉ ወንድሜ፣ ስክሪኑን አልጠላም። ግን ስክሪኑ ውስጥ ያለው አንድ ሰው ነው። ቢበዛ አራት ወይም አምስት። ከመቶ አንድ ወይም ከዚያ ባነሰ ሰው ላይ የቀኟ ነርቭ ሳትዞር ቀጥታ ትመጣለች። ትርፍ አንጀት በአንዱ ፊት ለፊት ተንጠልጥሎ፣ በሌላው ከትልቁ አንጀት ጀርባ ተደብቆ ይገኛል። የሐሞት ከረጢትን ደም የሚያጠጣው ቧንቧ በየሰዉ መነሻው ይለያያል። አሥር ጠረጴዛ ባለበት ክፍል ተማሪዎቹ እየዞሩ ሲያዩ "መጽሐፉ እንዲህ ይላል፣ ይሄኛው ግን እንዲህ ነው" ማለት ይለምዳሉ። ያቺን ጥርጣሬ ይዞ ወደ ቀዶ ጥገና ክፍል የሚገባ ሐኪም እመርጣለሁ።

ከፈለጋችሁ አሁን እዚያው የተቀመጣችሁበት ሞክሩት። ክንዳችሁን መዳፉ ወደ ላይ አድርጋችሁ ጠረጴዛ ላይ አሳርፉ። አውራ ጣትና ትንሿን ጣት አገናኙ። አንጓችሁን ትንሽ ወደ እናንተ እጠፉት። አንጓው መሐል ላይ ጅማት ተወጥሮ ብቅ ካለ አላችሁ። ካልወጣ የላችሁም፣ ጉዳትም የለውም። የአውሮፓ መጻሕፍት ከመቶ 15 ያህል ሰው የለውም ይላሉ። በአፍሪካ የተጠኑት ቁጥሮች ከዚያ ያንሳሉ። እኛ ቀዶ ሐኪሞች ሌላ ጅማት ሲበጠስ ከዚያ ወስደን እንተካበታለን።

ፒያሳ ልጅ · ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 2:05

ቀኙ አለ፣ ግራው የለም!! ቢሮ ውስጥ ሥራ ቆሟል፣ ሁሉም እጁን እያጠፈ ነው።

ቅንጭብ · ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 2:11

ሁለቱም አለኝ። ዶክተር፣ አንዱን የሚገዛ ካለ ይንገሩኝ።

ሸገር 27 · ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 2:40

የእኔ ሁለቱም የለም፣ እናቴም የላትም። እህቴ ግን አላት። ይሄን ሁሉ ዘመን ሳላውቅ!

ጡረተኛው ቀዶ ሐኪም · ረቡዕ፣ ከረፋዱ 4:00

ሸገር፣ በቤተሰብ ይሄዳል፣ የተለመደ ነው። ቅንጭብ፣ አንተ ዝም በል።

የታሪክ ሱስ · ረቡዕ፣ ከቀኑ 7:30

ዶክተር ጋለንን ስላነሱ ዝም ማለት አልቻልኩም። ይሄ ሰው ከጴርጋሞን ነው፤ እዚያ የግላዲያተሮች ሐኪም ነበር። ቁስል እንደ ጉድ አይቷል። በዘመኑ ሮም ውስጥ የሰው አስከሬን መክፈት ስለማይቻል ግን ዝንጀሮ፣ አሳማና በሬ ከፍቶ ያየውን ለሰው ጻፈው። የታችኛው መንጋጋ ሁለት አጥንት ነው አለ። ውሻ ላይ እውነት ነው። ሰው ላይ አንድ ነው። በአውሮፓ ከ1300 ዓመት በላይ ደፍሮ የሚያርመው አልነበረም ማለት ይቻላል። አስተማሪው ከፍ ያለ ወንበር ላይ ተቀምጦ ጋለንን ያነባል፣ ከታች ሌላው ሬሳውን ይከፍታል፣ ሬሳውና መጽሐፉ ካልተስማሙ ጥፋተኛው ሬሳው ነው!

አንድሬያስ ቬሳሊየስ የሚባል ጣሊያን አገር የፓዱዋ መምህር ግን ከወንበሩ ወርዶ በራሱ እጅ ከፈተ፤ ያየውን እ.ኤ.አ. በ1543 በመጽሐፍ አወጣ። ሃያ ስምንት ዓመቱ ነበር። ከ200 በላይ የጋለን ስሕተት አወጣ። የዛሬው ዲሴክሽን ክፍል የእሱ ልጅ ነው ማለት ይቻላል። የሰው አካል ለትምህርት በመክፈት ግን እሱ የመጀመሪያው አይደለም። ከክርስቶስ ልደት በፊት በሦስተኛው መቶ ዓመት ጎረቤታችን እስክንድርያ ላይ ሄሮፊሎስ ሠርቶታል።

በእኛ አገር የሕክምና ፋኩልቲው የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1964 ነው። ከዚያ በፊት ሐኪም መሆን የፈለገ ባሕር መሻገር ነበረበት። ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ እንኳ የተማሩት ሕንድና ስኮትላንድ ነው።

ልደታ ሰፈር · ረቡዕ፣ ከምሽቱ 1:15

ታሪኩ ደስ ይላል። አንድ ነገር ግን ሁላችሁም ዘላችኋል። ሬሳው የማን ነው?

ስኮትላንድን ካነሳችሁ እ.ኤ.አ. በ1828 ኤዲንብራ ላይ በርክና ሄር የሚባሉ ሁለት ሰዎች 16 ሰው ገድለው ለአናቶሚ መምህር ሸጡ። የሞቱት ለማኝ፣ ሰካራም፣ ማንም የማይፈልጋቸው ናቸው። በርክ ተሰቀለና የእሱም ሬሳ ተከፈተ። አጽሙ እስካሁን እዚያው ዩኒቨርሲቲ ሙዚየም ውስጥ ቆሟል። ከዚያ በ1832 ሕግ ወጣ። ሕጉ ምን አለ? ቤተሰብ ያልጠየቀውን ሬሳ ውሰዱ አለ። ማለትም ከድሃ ቤት ውሰዱ። ግድያው ቀረ፣ ድሃው ግን ጠረጴዛው ላይ ቀረ።

እኛስ? በአብዛኛው ጠያቂ ያልመጣለት አስከሬን አይደለም? ከገጠር ለሥራ የመጣ፣ መንገድ ላይ የወደቀ፣ መታወቂያ ያልያዘ ሰው። እሱ እሺ ብሏል? ዘመዶቹ እኮ እስካሁን ስልኩን እየጠበቁ ይሆናል። ዶክተር፣ ነርቯ ገባችኝ። ይሄ ግን አልገባኝም።

ሲ ዋን ተማሪ · ረቡዕ፣ ከምሽቱ 1:50

ይሄን ጥያቄ እኛም እርስ በርስ ስናወራው ነበር። ለጠረጴዛችን ሰውዬ ልጆቹ የቅጽል ስም ሊያወጡለት ሲሉ መምህራችን ተቆጣ። "ስም አለው፣ እኛ አናውቀውም እንጂ" አለ። እሱን ነው የማስታውሰው። መልስ ግን አይደለም፣ አውቃለሁ።

ጡረተኛው ቀዶ ሐኪም · ረቡዕ፣ ከምሽቱ 3:25

ልደታ፣ ልክ ነህ። ልከራከርህ አልችልም። እኔም የተማርኩት እሺ ባላለ ሰው ላይ ነው። የሚሻለው መንገድ ይታወቃል፤ ሰው በሕይወቱ እያለ ፈቅዶ፣ ፈርሞ፣ ለቤተሰቡ ነግሮ አካሉን የሚሰጥበት ሥርዓት ነው። በብዙ አገር የሕክምና ተማሪ የሚማረው በዚያ ነው። በዓይን ብሌን ልገሳ ሕዝባችን ይሄን ማድረግ እንደሚችል አሳይቷል። ስንት ሰው ነው ቃል የገባው! ብሌን ትንሽ ናት፣ ቀብሩንም አታዘገይም፤ ሙሉ አካል ሲሆን ይከብዳል።

ልደታ ሰፈር · ረቡዕ፣ ከምሽቱ 3:40

እርስዎ ይሰጣሉ?

ጡረተኛው ቀዶ ሐኪም · ረቡዕ፣ ከምሽቱ 3:52

ብዬ ነበር። ባለቤቴ "በቁምህ አልበቃህም፣ ሞተህም እዚያው ልትውል ነው?" ብላ ቤት ታምሷል። ክርክሩ አላለቀም።

የኮፒ ቤቷ · ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 3:30

እግዜር ይስጣችሁ። ሌሊቱን ሳነብ ነው ያደርኩት። ዶክተር፣ ባለቤቴን እጁን ሳሳጥፈው ጅማቱ የለውም፤ ከዚያ ወዲህ ስለ ኮምፒውተር ማውራት ትቷል።

እናቴን በሌላ መንገድ ያዝኳት። ዶሮ ስትገነጥል አይታችኋል? አጥንት ሰብራ አታውቅም። በጣቷ መገጣጠሚያውን ትፈልጋለች፣ ቢላውን እዚያ ላይ ታሳርፋለች፣ በቃ ይለቃል። አሥራ ሁለቱን ብልት ስታወጣ ፈረሰኛው ከመላላጫው ጋር ተሳስቶ አያውቅም። "እማዬ፣ ይሄን ከመጽሐፍ ነው የተማርሽው?" አልኳት። "እናቴ እጄን ይዛ ነው" አለች። "እነሱም እንደዚያ ነው የሚማሩት" አልኳት። ዝም አለችኝና "ዶሮዋ ግን ተባርካ ነው የታረደችው" አለች። አሁን ምን ልበላት?

የሰንበት ተማሪ · ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 4:15

እትዬ፣ እናትዎ የሚያነሱት ጥያቄ ትልቅ ነው፤ በቀልድ አይታለፍ። ለሙት ክብር፣ ፍትሐት፣ ማረፊያ፣ ሦስቱም ያሳስባሉ። እኔ የምለው ይሄን ነው። ሥራው ክብርን የሚያጎድለው በአያያዙ ነው። ፎቶ አንስቶ ቴሌግራም ላይ መልቀቅ ነውር ነው። ከሚሠራበት የአካል ክፍል ውጪ ያለው አካል ተሸፍኖ፣ ሁሉም ነገር ተሰብስቦ መጨረሻ ላይ ከተቀበረ ግን የሚጎዳ አይመስለኝም። እናትዎ ስሙ የማይታወቀውን ሰው በጸሎት ቢያስቡት ደግሞ የእሳቸው ድርሻ ይሆናል። የነፍስ አባታቸውንም ያማክሩ፣ እኔ ተማሪ ነኝ።

ዲጂታሉ · ሐሙስ፣ ከቀኑ 6:20

ፎቶው ላይ አንድ ነን። ሌላው ላይ አልተሸነፍኩም። ሁሉም ሐኪም ቀዶ ሐኪም አይሆንም። የቆዳ ሐኪም ወይም የአእምሮ ሐኪም የሚሆን ልጅ የእግር ጡንቻ ስብ ለቅሞ ምን ያገኛል? ጥቂት አስከሬን አስተማሪው አዘጋጅቶ ያሳያቸው፣ የቀረው በስክሪን ይሁን። ቁፋሮው ለቀዶ ሕክምና ሬዚደንቶች፣ ስፔሻሊስት ለመሆን ለሚማሩት ሐኪሞች፣ ይቆይ። ልደታ የሚለውም ችግር ይቀንሳል።

ጡረተኛው ቀዶ ሐኪም · ሐሙስ፣ ከቀኑ 7:05

ይሄኛው ሐሳብህ ጥሩ ነው። ሙሉ በሙሉ አልስማማም እንጂ። በሃያ ዓመቱ ማን ምን እንደሚሆን አይታወቅም። የአእምሮ ሐኪም እሆናለሁ ብሎ ወረዳ ተመድቦ ሌሊት ምጥ ያዋለደ ስንት አለ።

የቄራ ሰው · ሐሙስ፣ ከምሽቱ 12:45

የእንስሳት ሐኪም ነኝ። ቄራ ውስጥ ሥጋ ስመረምር ነው የኖርኩት። ስለ ሰው ብቻ አወራችሁ፣ እኛም በየቀኑ በቢላ እንጀራችንን እንበላለን።

ጥሬ ሥጋ የምትወዱ ይሄን አንብቡ። የኮሶ ትል ልጅ በበሬ ጡንቻ ውስጥ ተቀምጣ ነው ሰው የምትጠብቀው። ውሃ የቋጠረች ነጭ ከረጢት ናት፣ ስፋቷ ከ1 ሳንቲሜትር አይበልጥም። ብዙ ደም የሚያገኝና ዕረፍት የሌለው ጡንቻ ትወዳለች። ስለዚህ በሬው ሲታረድ የምንቆርጠው በዘፈቀደ አይደለም። የመንጋጋውን ጡንቻ በስሱ እንሰነጥቃለን፣ ምላሱን እንዳብሳለን፣ ልቡን እንከፍታለን፣ ወርቹን እናያለን። ጉበት ላይ የሐሞት ቧንቧውን ከፍተን የጉበት ትል እንፈልጋለን። ሳንባውን በእጅ እየጨበጥን ውሃ የቋጠረ እብጠት አለ ወይ እንላለን። ንፍፊቶቹን ቆርጠን ቲቢ እንፈልጋለን።

በጥቂት ቦታ የተገኘበት ሥጋ ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ ለ10 ቀን በረዶ ቤት ቢቆይ ትሏ ትሞታለች። ብዙ ከሆነ ይወገዳል። እውነቱን ለመናገር ግን በቢላ ሁሉንም ማግኘት አይቻልም። ከረጢቷ ያልተሰነጠቀ ቦታ ላይ ካለች ታልፋለች። ማህተም ስላለው ብቻ ጥሬውን አምናችሁ አትብሉ።

ቅንጭብ · ሐሙስ፣ ከምሽቱ 1:00

ነገ ዓርብ በመሆኑ ተመስገን። ቅዳሜ ግን ምን ልሆን ነው?

የባዮ መምህር · ሐሙስ፣ ከምሽቱ 2:20

ሁለተኛ ደረጃ አስተምራለሁ። ዲሴክሽን ሰው ላይ ብቻ የሚሠራ የሚመስላችሁ ካላችሁ፣ አበባ በምላጭ ለሁለት ሰንጥቆ ማየትም እሱው ነው። እንቁራሪት የሠራችሁም ትኖራላችሁ። እኔ ትቼዋለሁ፤ ልጆቹ የሚይዙት ጩኸቷን ብቻ ነው። የበግ ልብ ግን አልተውም። ኮፒ ቤቷ፣ ልጅዎ ከመግባቷ በፊት ቤት ውስጥ ትሞክረው። አያትየውም ቢላ ይይዙላት።

ለበዓል በግ ሲታረድ ልቡ እንዳይተለተል ቀድማችሁ ንገሩ። ቧንቧዎቹ ከላዩ ላይ ትንሽ ረዘም ብለው ይቅሩ። መጀመሪያ ጨምቁት። አንዱ ጎን ልፍስፍስ፣ አንዱ ጎን ጠንካራ ነው። ጠንካራው ግራው ነው። ከእሱ የሚወጣው ወፍራም ቧንቧ አዎርታ ነው፤ ትንሿ ጣት ትገባበታለች። ልቡን በእጃችሁ ይዛችሁ አዎርታው ውስጥ ቀስ ብላችሁ ውሃ አፍስሱ። ውሃው ወደ ውስጥ አይገባም፣ እዚያው ይቆማል። ወደ ውስጥ ብትመለከቱ ሦስት ስስ ክዳኖች ተገጣጥመው ዘግተውታል። የሞተ ልብ ነው፣ ማንም አላዘዛቸውም፤ የውሃው ክብደት ብቻ ዘጋቸው።

ከዚያ ከጫፉ ወደ ላይ ቁረጡት። የግራው ግድግዳ ከቀኙ ሦስት እጥፍ ያህል ይወፍራል፤ ምክንያቱም ቀኙ ደሙን የሚልከው አጠገቡ ወዳለው ሳንባ ነው፣ ግራው ግን እስከ እግር ጥፍር ይልካል። ውስጥ ነጫጭ ክሮች ታያላችሁ። በላይኛውና በታችኛው የልብ ክፍል መሐል ያለውን ቫልቭ (ክዳን) ከታች ጎትተው የያዙት እነሱ ናቸው፤ ልቡ ሲጨመቅ ክዳኑ ወደ ላይ እንዳይገለበጥ። አንዷን በፎርሴፕስ ጎትቷት። በቀላሉ አትበጠስም።

አሁን ግራና ቀኙን የሚለየውን ግድግዳ እዩ። ቀዳዳ ፈልጉ። የለም። ጋለን ግን ደም በዚያ ግድግዳ ውስጥ በማይታዩ ቀዳዳዎች ያልፋል ብሎ ነበር። በ13ኛው ክፍለ ዘመን ካይሮ የኖረው ኢብን አል ነፊስ "ቀዳዳ የለም፣ ደሙ በሳንባ በኩል ዞሮ ነው የሚመጣው" ብሎ ጻፈ። እንግሊዛዊው ሃርቪ ሙሉ ዙሩን ያሳየው እ.ኤ.አ. በ1628 ነው። ተማሪዎቼን ይሄን ከመንገሬ በፊት ቀዳዳውን ፈልጉ እላቸዋለሁ። ግማሹ ክፍል "አገኘሁ" ይላል፣ ከዚያ የራሳቸው ቢላ የበሳው መሆኑ ይታወቃል።

የኮፒ ቤቷ · ሐሙስ፣ ከምሽቱ 2:50

የኔ ጌታ፣ ይሄንን አትሜ ግድግዳ ላይ እለጥፈዋለሁ። ምን ዓይነት ቢላ ነው የሚያስፈልገው?

የባዮ መምህር · ሐሙስ፣ ከምሽቱ 3:05

የሽንኩርት ቢላ ይበቃል፣ ስለት ይኑረው ብቻ። የደነዘዘ ቢላ ነው እጅ የሚቆርጠው። ወደ ራስ አለመሳብ፣ ልቡ እንዳይንሸራተት ሥሩ ጨርቅ ማንጠፍ።

ቅንጭብ · ሐሙስ፣ ከምሽቱ 3:08

አንድ ጥያቄ፣ የመጨረሻዬ ነው። ተምረን ስንጨርስ ይጠበሳል?

የባዮ መምህር · ሐሙስ፣ ከምሽቱ 3:15

የቤታችሁ ከሆነ አጥባችሁ ጥበሱት፣ ቃሪያ በዛ አድርጉበት። የትምህርት ቤቱን ግን አልመክርም፤ ሙሉ ክፍል ተማሪ የነካካውን ማን ይበላል።